በደፈረሰ ውሃ አምስት ዓሣ

ነገሩ ከክርክር ተነሣ። ሱዳን ውስጥ፣ ከካርቱም ማዶ ባለችው በባሕሪ ከተማ፣ ከመሐጣ አል-ውስጣ ገበያ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምታፈላ አንዲት ሴት ነበረች፤ ከሥራ ስንወጣ የምንገናኘው እሷ ዘንድ ነው። ሐበሻውም ሱዳኑም አጭር በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ ሻይ ይቀዳል፤ ወሬ ይከፈታል። የ2010 ዓ.ም. ክረምት ወሬ መራራ ነበር፦ የዳቦ ሰልፍ፣ የቤንዚን ሰልፍ፣ ከባንክ የጠፋ ጥሬ ገንዘብ። ይህ ሲሰለቸን የአርባ ምንጩ ልጅ ስልኩን ያወጣና የአሜሪካኖችን የዓሣ ማጥመድ ውድድር ያሳየናል። ልጁ ጫሞ ዳር ያደገ ነው። ከሰው ቁመት የማይተናነስ ናይል ፐርች ከሐይቁ ሲወጣ በልጅነቱ አይቷል፤ ስለ ዓሣ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል።

አንድ ምሽት ያሳየን በፒትስበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገውን ነው። ውድድሩ ባስማስተር ክላሲክ ይባላል። ባስ የሰሜን አሜሪካ የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ነው፤ ግንድ ሥር፣ ድንጋይ ጥግ፣ ሣር ውስጥ አድፍጦ የሚያልፈውን ይነጥቃል። ይህን ማጥመድ የእንጀራ ሥራ ያደረገው ሬይ ስኮት የሚባል የአላባማ የመድን ዋስትና ሻጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 አርካንሶ ውስጥ ቢቨር ሐይቅ ላይ የመጀመሪያውን ውድድር አዘጋጀ፤ በዓመቱ ማኅበር መሠረተ፤ ክላሲኩ ደግሞ በ1971 ተጀመረ። ደንቡ ግልጽ ነው። መረብ የለም፤ አንድ ሰው በቀን አምስት ዓሣ ብቻ ያስመዝናል፤ የአምስቱ ክብደት ይደመራል። ስኮት ከ1972 ጀምሮ ዓሣው በሕይወት መጥቶ ከተመዘነ በኋላ እንዲለቀቅ አደረገ። ሰዓት ያሳለፈ በየደቂቃው አንድ ፓውንድ ይቀነስበታል፤ ከ15 ደቂቃ ካለፈ የዕለቱ ዓሣ ሁሉ ይሰረዝበታል።

ፒትስበርግ አሌጌኒና ሞኖንጋሂላ የሚባሉት ወንዞች ተገናኝተው ኦሃዮን የሚመሠርቱበት ከተማ ነው። ወንዞቹ በዚያ በጋ ለአጥማጅ ጨካኝ ነበሩ፤ ዓሣው ጥቂት፣ ያለውም ትንንሽ። ያሸነፈው ኬቨን ቫንዳም ነው። በሦስት ቀን ያስመዘነው 12 ፓውንድ ከ15 አውንስ፣ ማለት ስድስት ኪሎ ያልሞላ ነው። ከተከታዩ ከአሮን ማርተንስ የለየው 170 ግራም ያህል ብቻ ነበር። በክላሲኩ ታሪክ ከዚያ ያነሰ የአሸናፊ ክብደት የለም።

«ሦስት ቀን ለስድስት ኪሎ?» አሉ ጋሼ። ጋሼ የምንላቸው የባሕር ዳሩን ሰው ነው፤ በባሕሪ የፋብሪካ ሰፈር በብየዳ ሥራ ረጅም ዘመን የቆዩ፣ በዕድሜም ከሁላችን የሚበልጡ። አባታቸው በጣና ላይ በታንኳ እያጠመዱ ነው ያሳደጓቸው። «አባቴ በአንድ ጠዋት ከዚህ የሚበልጥ ያወጣ ነበር። ውሃው እምቢ ካለ ሰው ቤቱ ይቀመጣል እንጂ ይወዳደራል?»

እኔ በዚህ አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም። በዚያው በዓባይ ላይ፣ ናስር ሐይቅ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ በመንጠቆ የተያዘ ናይል ፐርች 104.32 ኪሎ መዝኖ የዓለም ሪከርድ ሆኗል። ታላቅ ዓሣ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን የተኛ ሐይቅ ላይ የሚያዝ ግዙፍ ዓሣ የሐይቁን ሀብት ይነግረኛል። ሁሉም ባዶ እጁን በሚመለስበት ወንዝ ላይ ስድስት ኪሎ የሚያወጣ ሰው ግን ውሃውን የሚያውቅ ሰው ነው። ቫንዳም ክላሲኩን አራት ጊዜ አሸንፏል፤ ከአራቱ ይህን ትንሹን አብልጬ እወደዋለሁ። ይህን ስል ከአጠገባችን ሻይ ይጠጡ የነበሩት ሐጂ ምን እንደምንከራከር ጠየቁ።

ሐጂ በባሕሪ የሒላት ሐመድ ሰፈር አጥማጅ ናቸው። ከአባታቸው የወረሷት የእንጨት ፈሉካ አለቻቸው፤ ከኋላዋ ትንሽ ሞተር ያስገጠሙት ልጆቻቸው ናቸው። የአርባ ምንጩ ልጅ በአረብኛ አስረዳቸው። አሰቡና፣ «ደሚራ ላይ ዓሣ የለም የሚል ሰው መሀል ወንዝ ላይ የሚፈልግ ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረው፣ «ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ ና ላሳይህ» አሏቸው።

ውድድሩ በዚያ ምሽት ተወለደ።

ደሚራ የሚሉት የወንዙን ሙላት ነው። ጥቁር ዓባይ በሚያዝያ ባሕሪ ላይ ጭምት ነው፤ ውሃው ይጠራል፣ አሸዋው ይወጣል፣ ቱቲ ደሴት ዳር ልጆች ይዋኛሉ። በሰኔ መጨረሻ ቀለሙ ይቀየር ነበር። በነሐሴ የጠላ አተላ መስሎ፣ ከነአረፋው፣ ዳርና ዳሩን እየቆረሰ ይመጣ ነበር። ብዙ ሰው ይህ ሁሉ ከጣና የወጣ ይመስለዋል። ከጣና የሚወጣው ግን ከጠቅላላው አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ቀሪው የበሽሎ፣ የጀማ፣ የሙገር፣ የጉደር፣ የዴዴሳ፣ የዳቡስና የበለስ ውሃ ነው። በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ከሚጠጋው ፍሰቱ አብዛኛው በእነዚህ ጥቂት የክረምት ወራት ያልፍ ነበር። ሙላቱ ሲበረታ ነጭ ዓባይ ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት በሙግራን ላይ መውጫ ያጣና ወደ ኋላ ይተኛ ነበር። በዚያን ዘመን ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ገና ውሃ መያዝ አልጀመረም ነበርና የወሎና የጎጃም፣ የሸዋና የወለጋ አፈር እስከ ካርቱም ያለ ከልካይ ይወርድ ነበር። በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል። ባሕሪ ዳርቻ ቆሜ ያን ውሃ ባየሁ ቁጥር የማን ማሳ ነው የሚያልፈው እያልኩ እታመም ነበር። ግንዱ ሳይቀር ከነሥሩ ይመጣል፤ የቱቲ ጎረምሶች እየዋኙ ይይዙትና ለማገዶ ያደርጉታል።

በዚህ ውሃ ውስጥ ዓሣ ምን ያደርጋል? ሐጂ ያስተማሩኝ ይህን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያነበብኩትም አላስተባበለባቸውም። በደለል ውስጥ ዓይን አይጠቅምም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያላቸው ዓሦች ይሠለጥናሉ። ቀርሙጥ የሚሉት የእኛው አምባዛ፣ በያድና ከበሩስ የሚሏቸው ሁለት ወንድማማቾችም፣ ረጃጅም ጢማቸው ጣዕም ይለያል፤ ጭቃ ውስጥ ትሉን በጢማቸው ያገኙታል። ኸሽም አል-በናት የሚባለው አፈ ረጅም ዓሣ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ እየረጨ ዙሪያውን ያውቃል። ኢጅል የሚሉት ናይል ፐርች ግን በዓይኑ አዳኝ ነው። ውሃው ሲደፈርስበት ወይ ወደ ሙግራን ወርዶ የነጩና የጥቁሩ ውሃ በሚዋሰኑበት መሥመር ላይ ይቆማል፣ ወይ ሙላቱ ገብቶ በተኛባቸው ማሳዎች ጠርዝ ያደፍጣል። ትንንሹ ዓሣ ሁሉ ከኃይለኛው ፍሰት ሸሽቶ ወደ ዳር ይጠጋል፤ ትልቁ ይከተለዋል። የድልድይ ምሰሶ ጀርባ፣ የወደቀ ዛፍ ሥር፣ ሣር የበቀለበት ሰርጥ፣ እነዚህ ናቸው የደሚራ ቤቶች። ወንዙ ኪሎ ሜትር ቢሰፋ የሚጠመድበት ቦታ ክንድ የማይሞላ ነው። ያን ክንድ ማወቅ ሙሉ ዕድሜ ይፈልጋል፤ ሐጂ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚያ ነው። በየትኛውም መጽሐፍ ስማቸው የለም፤ ይህ ያስቆጨኛል።

ቀኑ ቅዳሜ ነሐሴ 19 ሆነ። ያ ሳምንት ለሁላችንም ደግ ነበር። አረፋ ማክሰኞ ውሎ ሱዳኖቹ በዓል ላይ ናቸው፤ እኛም ፍልሰታን ፈትተናል። አራት ጀልባ ተገኘ፤ በየጀልባው ባለጀልባውና ሁለት አጥማጅ። መንጠቆ ብቻ። አምስት ዓሣ። ከመዳፍ ያነሰ ወደ ውሃው ይመለሳል። መልቀቅን በተመለከተ ተወያይተን የቀረው እንዲበላ ወሰንን፤ ዳቦ በሰልፍ በሚገዛበት ከተማ አምባዛ መዝኖ መልቀቅን ለማንም ማስረዳት አይቻልም፤ እኔም አልፈለግሁም። መነሻውና መመለሻው ከባቡሩ ድልድይ በላይ ባለው የባሕሪ ዳርቻ። የመጨረሻው ሰዓት የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ። ሽልማቱ ከአገር ቤት የመጣ አንድ ከረጢት ቡና ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ማን አለው?

እኔና ጋሼ የሐጂ ጀልባ ደረሰን። ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ጋሼ ያመጡት ዘንግ የእጅ ሥራቸው ነው፤ ከቀርከሃ ጫፍ ላይ የብረት ቀለበት በይደውበታል። እኔ ከኦምዱርማን የገዛሁት መዘውር ያለው ዘንግ ነበረኝ። ትል፣ የዶሮ አንጀትና የተከተፉ ትንንሽ ዓሦች በቆርቆሮ ይዘናል።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ባቡሩ ድልድይ ነው፤ እንግሊዞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠሩት፣ ካርቱምን ከባሕሪ የሚያገናኘው የብረት ድልድይ። ውሃው ምሰሶዎቹን ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ሰው አያነጋግርም። ሐጂ ሞተሩን እያስጉረመረሙ ከምሰሶው ጀርባ አስገቡን፤ እዚያ ውሃው ወደ ላይ ይመለሳል። ዓይን የማያየው አንድ ድንበር አለ፤ ጀልባዋ ከድንበሩ ስትገባ መንቀጥቀጧን ትተዋለች። «እዚህ፣ ከዚህ አትውጡ» አሉ።

ከባዱን እርሳስ አስሬ ጣልኩ። ቶሎ ነካ። ያወጣሁት ተምበራ ነው፤ ሆዱን ነፍቶ እንደ ኳስ ከበበ። መርዛም ነው፣ አይበላም፤ ሐጂ በጥንቃቄ ከመንጠቆው ፈትተው መለሱት። ቀጥሎ የጋሼ ዘንግ ጎበጠ። ሳብ ሳብ አድርገው ወፍራም፣ ግራጫ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ወደ ጀልባዋ አቀረቡ። ሐጂ «ረዓድ! ረዓድ! ያ አኹይ አትንካ!» ብለው ጮኹ። ጋሼ አረብኛውን ከመስማታቸው በፊት እርጥቡን ክር በእጃቸው ይዘው ነበር። ክንዳቸው እስከ ትከሻ ደነዘዘ፤ ከበርጩማው ተንሸራትተው ተቀመጡ። ረዓድ በኤሌክትሪክ የሚመታ የዓባይ ዓሣ ነው፤ ትልቁ እስከ 350 ቮልት ይደርሳል። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ብየዳ ላይ ኖረው ኤሌክትሪክ የነካቸው ከውሃ ውስጥ መሆኑ አስገርሟቸው ነበር። «ጣና ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ በመጨረሻ። እውነት ነው። ከባሕር ዳር በታች ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ይወርዳልና የታችኛው ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም። ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የሌለው ለዚሁ ነው። ወንዙ አንድ ቢሆንም ፏፏቴው የዓሣውን ዓለም ለሁለት ከፍሎታል።

ከምሰሶው ጀርባ አንድ ደህና ከበሩስ አወጣን። ሁለት ኪሎ ይሆናል። ተስፋ አደረግን። ከዚያ ሞተሩ አስነጠሰ።

በዚያ ክረምት ቤንዚን ከማደያ ማግኘት ዘበት ስለነበር ለአራቱም ጀልባ የተገዛው ከመንገድ ላይ በጀሪካን ነው። የእኛ ጀሪካን ታች ላይ ውሃ ነበረው። ሞተሩ ሁለቴ ተንተባተበና ጠፋ። ሐጂ የማስነሻውን ገመድ ደጋግመው ሳቡ። በዚህ መካከል ከላይ የመጣ ትልቅ ግንድ የምሰሶውን ጠርዝ መትቶ ዞረና ጎናችንን ነካን፤ ያችን የማትታይ ድንበር አሻግሮ ወደ ፍሰቱ ወረወረን።

ፍሰቱ የያዘው ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጸጥታ ነው፤ ከውሃው ጋር እኩል ስለሚሄድ ውሃው አይጮኽበትም። የሚሮጠው ዳርቻው ነው። የመክ ኒምር ድልድይ መጣ፣ ከላያችን አለፈ። ሰዎች ከድልድዩ ላይ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ሰላምታ ይሁን ማስጠንቀቂያ አልለየሁም። ሐጂ መቅዘፊያውን አንሥተው ቆሙ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፤ ለጋሼ ባልዲ። «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ውሃውን አትታገል። አፍንጫዋን ብቻ ወደ ባሕሪ አዙር» አሉኝ።

ለምን ወደ ባሕሪ እንደሆነ የገባኝ ቱቲ ከፊት ሲታይ ነው። ወንዙ ደሴቱ ላይ ለሁለት ይከፈላል። በደቡብ በኩል የሄደ በተሰቀለው የቱቲ ድልድይ ሥር አልፎ ሙግራን ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይጋጫል፤ በደሚራ እዚያ የሚፈጠረው አዙሪት ሞተር የሌላትን ጀልባ ያስጨንቃል። በሰሜን በኩል ያለው ቅርንጫፍ በቱቲና በሒላት ሐመድ መካከል አድርጎ ወደ ሻምባት ይወርዳል። ጠበብ ያለ፣ ፈጣን፣ ግን ዳርቻው ቅርብ ነው። ሐጂ ቀዘፋቸውን እየለኩ፣ ባሻቸው ጊዜ እያቆሙ፣ ወንዙ ራሱ እንዲያስገባን አደረጉ። አንድም ጊዜ ወደ ላይ አልቀዘፉም። እኔ በፍርሃት ውስጥ ሆኜም ያንን ሥራ በአድናቆት አይ ነበር። የቫንዳምን እጅ በስልክ አይቻለሁ፤ የሐጂን በዓይኔ።

የቱቲ ሰዎች ዳርቻቸውን እየጠበቁ ነበር። ደሴቱ ላይ በደሚራ ቀንና ሌሊት ዘብ ይቆማል፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ሙላት ደሴታቸውን ተረባርበው ያዳኑበት ታሪክ በሱዳን ዘፈን ሆኖ ቀርቷል። ጎረምሶቹ ገመድ ይዘው በዳርቻው ሮጡ፤ ሁለት ጊዜ ወረወሩልን፣ አልደረሰም። ሐጂ አመስግነው እጃቸውን ወደ ፊት አመለከቱ። ቦታውን መርጠዋል።

ከቱቲ ጫፍ በታች፣ በሻምባት በኩል፣ ወንዙ ሲጎድል የሚዘራበት ጀርፍ የሚባል ዝቅተኛ መሬት አለ። በዚያ ቀን ግማሽ ሜትር ውሃ ተኝቶበታል። ሰንጥ የሚባሉት የወንዝ ግራሮች ወገባቸው ድረስ ሰምጠዋል። ጀልባዋ በሣሩ ላይ እየተሻሸች ገባች፣ ቅርንጫፍ ያዝን፣ ሐጂ አሰሩ። ተቀመጡና አምላካቸውን አመሰገኑ። እኛም አማተብን።

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ዙሪያቸውን በደንብ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ባልዲውን አስቀመጡ። ሣሩን አዩ፣ ውሃው ከሣሩ ውስጥ ቀለሙ ሳሳ ማለቱን አዩ፣ አንድ ቦታ ላይ ሣሩ ያለ ነፋስ ሲነቃነቅ አዩ። «ይኼን አውቀዋለሁ» አሉ በቀስታ። «በክረምት ጣና ሞልቶ የደንቢያን ሜዳ ሲገባበት አምባዛው እንዲሁ ነው የሚገባው። አባቴ ታንኳውን ሣር ውስጥ ያቆም ነበር።» እርሳሱን ፈትተው ጣሉት፤ ትሉን ያለ ክብደት፣ ከሣሩ ጥግ፣ ክንድ በማይሞላ ጥልቀት ላይ አኖሩት። ሐጂ አዩዋቸውና ምንም አላሉም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ ብቻ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሕይወቴ ታላቅ የዓሣ ሰዓት ነው። አምባዛ መጣ፣ ጋሼ ያዙት። ቆሮሶ መጣ። በያድ መጣ። እኔ በሰንጡ ሥር፣ ድፍርሱ ውሃ ከሣሩ ጥላ ጋር በሚገናኝበት መሥመር ላይ ትንሽ ዓሣ ሰክቼ ጠበቅሁ። መዘውሩ ጮኸ። ኢጅል ነበር፤ ሁለቴ ዘለለ፣ አፉን ከፍቶ ራሱን አራገፈ፣ ሐጂ «ልቀቅለት፣ ልቀቅለት» ይሉኛል፣ ክሩን ለቀቅሁለት፣ ተመለሰ። አራት ኪሎ ያህል ነው። ዓይኑ በጥላው ውስጥ ወርቅ ሆኖ ያበራል። እጄ ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከበሩሱን ጨምሮ አምስት ሞላ።

ፀሐይ ግን ዞራለች። ጀልባዋን ለአንድ የማሳ ጠባቂ አደራ ሰጥተን፣ ዓሣውን በእርጥብ ጆንያ አድርገን፣ እስከ ጉልበት በጭቃ ወጣን። የሻምባትን መንደር አቋርጠን ረክሻ አገኘን። ሾፌሩ ጆንያውንና ልብሳችንን አይቶ ክፍያ አልቀበልም አለ፤ በግድ ሰጠነው። መሐጣ አል-ውስጣ ስንደርስ የዐስር አዛን ተሰማ። ወደ ወንዙ ስንወርድ ሶላቱ አልቆ ሰዎች ሲወጡ ነው።

ሚዛኑ ከአንድ አትክልት ነጋዴ የተዋስነው ነበር። የሦስቱ ጀልባ ተመዝኗል። አንዱ ባዶ ተመልሷል፤ የአርባ ምንጩ ልጅ ሁለት ቆሮሶ ይዟል፤ አሸናፊዎቹ ከቱቲ ሰርጥ ያጠመዱ ሁለት የሒላት ሐመድ ወጣቶች ናቸው፤ አምስቱ ዓሣቸው ሦስት ኪሎ አልሞላም። የእኛ ጆንያ ሲፈታ ሰዉ ተንጫጫ። እጥፍ ነበር፣ ከዚያም ይበልጣል። ወጣቶቹ ራሳቸው ቡናውን አንሥተው ለጋሼ ሊሰጡ መጡ። ሞተር የጠፋበት ሰው በሰዓት አይያዝም፣ ይህ የአላህ ሥራ ነው ሲሉ ሽማግሌዎቹም ደገፏቸው።

ጋሼ አልተቀበሉም። «ሰዓቱ ሰዓት ነው» አሉ። እኔም እንዲህ ነው የማምነው። ከባድ ወንዝ ላይ የሚደረግ ውድድር ደንቡ ከላላ ሰው ለጥቂት ግራም ሲል ሕይወቱን ለወንዙ ይሰጣል። የመመለሻ ሰዓት የሚቆረጠው ሰውን ለመመለስ ነው። ሐጂም ተስማሙ። ሦስት ኪሎ ያልሞላው ዓሣ አሸነፈ፤ በሚገባ አሸነፈ። እነዚያ ልጆች ሞተራቸው አልጠፋባቸውም፤ ዕድል ወደ ማሳ አልወሰዳቸውም፤ ሰርጡን ራሳቸው ፈልገው አገኙት።

በዚያች ሌሊት አራቱም ጀልባ አንድ ላይ በላ። ሱዳኖቹ ቀርሙጡን በዱቄት ነክረው ጠበሱት፣ በሸጣና በሎሚ። የጋሼ ባለቤት ከኢጅሉ ዓሣ ወጥ ሠሩ፤ በርበሬው ከጎንደር ነው። ቡናው ተፈላ። ጋሼና ሐጂ ስለ ሣርና ስለ ውሃ ሲያወሩ አነጉ፤ አንዱ አማርኛ በሰነጠቀው አረብኛ፣ ሌላው በእጅ ምልክት። አንዱ የወንዙን ራስ፣ ሌላው ወገቡን ያውቃል፤ የሚነጋገሩት ግን ስለ አንድ ዓሣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም መግቢያ ላይ ያ ወንዝ ካርቱም ላይ 17 ሜትር ከግማሽ አልፎ መዝገብ ሰበረ፤ መንግሥት ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። እኛ ጀልባ ያሰርንበት የሻምባት ዳርቻ ቤቶች ውሃ ገባባቸው፤ ያን ዓመት ማንም ስለ ውድድር አላነሣም። ሚያዝያ 2023 ደግሞ ጦርነቱ መጣ። ባሕሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጦር ሜዳ ሆነች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር የሻምባት ድልድይ ተመታ፤ ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ የያዘው በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን በመተማ በኩል ወጣን። ጋሼ ባሕር ዳር ናቸው። የአርባ ምንጩ ልጅ ጫሞ ዳር ጀልባ ገዝቷል። ሐጂ በአትባራ ከልጃቸው ጋር እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ይህን ስሰማ አልቅሻለሁ።

ግድቡ አሁን አብዛኛውን ደለል ከኋላው ይይዛል። ካርቱም የሚደርሰው የነሐሴ ውሃ ከቀድሞው የጠራ ነው። ዓሣውም ይለወጣል፤ ኢጅል በዓይኑ ማደን የሚችልበት ወቅት ይረዝማል፣ ደለሉን የለመዱት ቦታ ይለቅቃሉ። ለዚህም ነው እንደ ሐጂ ያሉ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ሳይጻፍ እንዳያልፍ የምጓጓው። የድሮውን ወንዝ የሚያስታውሱት እነሱ ብቻ ናቸው።

ውድድሩን በአገር ቤት ማየት እፈልጋለሁ። የት እንደሚሆንም አስቤበታለሁ። የጣና ገባር ወንዞች ላይ መሆን የለበትም፤ በክረምት የጣና ትልልቅ ዓሦች፣ ከሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙት ቢልጫዎች፣ ወደ ጉማራና ርብ ወጥተው የሚራቡበት ጊዜ ነው፤ በመረብ ክፉኛ ተጎድተዋል፣ በመንጠቆም ሊነኩ አይገባም። ጋምቤላ ላይ፣ ባሮ ላይ ይሁን። ባሮ ውስጥ ናይል ፐርች አለ። ሙላቱም እውነተኛ ሙላት ነው፤ በእንግሊዞች ዘመን የካርቱም መርከብ ጋምቤላ ወደብ የሚደርሰው በነዚሁ የክረምት ወራት ብቻ ነበር። መንጠቆ ብቻ፣ አምስት ዓሣ፣ ናይል ፐርቹ ተመዝኖ ይለቀቅ። ዳኛው የባሮን ሰርጥ በስሙ የሚያውቅ የአካባቢው አጥማጅ ይሁን፤ ሰዓት ያሳለፈ ማንም ቢሆን አይመዘንለት። በየጀልባው ለሁሉም ላይፍ ጃኬት፣ ሁለት መቅዘፊያና ረጅም ገመድ ይኑር፤ ቤንዚኑም ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት በጠርሙስ ተቀድቶ፣ ረግቶ፣ ታቹ ይታይ።